«አሮጌውን ባቡር ጣቢያ እንደ ለንደኑ ወደብ ለኢንቨስተር ብንሰጠውስ?» ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄው ከአዳማ ነው የመጣው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኢንጂነር፣ አዳማ ተወልጄ ያደኩ ነኝ። ሰሞኑን ለንደን ስላለው ካናሪ ዋርፍ ቪዲዮ አየሁ። ድሮ የዕቃ ወደብ ነበረ፣ ሠራተኛው በአድማ ሲያስቸግር ተዘጋ፣ ከዛ መንግሥት ለኢንቨስተር ለቀቀውና በአስር ዓመት የፎቅ ከተማ ሆነ ይላል። የኛም የድሮ ባቡር ጣቢያ ግቢ ከተማ መሀል ያለ ሥራ ተቀምጧል። ለምን ጠራርገን አንስተን ለአንድ ትልቅ ኢንቨስተር አንሰጠውም? እንደነሱ መሆን አይቻልም ወይ?»

ፎቆቹ እውነት ናቸው፣ ቦታውም የድሮ የዕቃ ወደብ ነበረ፣ እዚህ ድረስ ቪዲዮው ልክ ነው። ቀሪው ግን ልክ አይደለም። ወደቡን የዘጋው አድማ አይደለም፣ በአስር ዓመትም አላለቀም፣ ኢንቨስተር ብቻውንም አልሠራውም፣ እንደውም ትልቁን ፎቅ የሠራው ኩባንያ ፎቁ ባለቀ በዓመቱ ነው የከሰረው። ይሄን ሳናስተካክል ወደ አዳማ ከመጣን የምንኮርጀው የተሳሳተውን ነገር ስለሚሆን መጀመሪያ ታሪኩን ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጠቅሰው፣ ያገራችንን አዋጅ ስጠራ ብቻ በኛ ይሆናል።

ቦታው ዌስት ኢንዲያ ዶክስ ይባል ነበር። በ1700ዎቹ መጨረሻ ቴምዝ ወንዝ በመርከብ ተጨናንቆ ከካሪቢያን ስኳርና ሩም ጭኖ የመጣ መርከብ ዕቃውን ለማራገፍ ሳምንታት ይጠብቅ ነበር፣ እየጠበቀ ደግሞ ይዘረፋል። ነጋዴዎቹና የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶቹ፣ ከነሱም ዋናዎቹ ሮበርት ሚሊጋንና ጆርጅ ሂበርት፣ በ1799 ከፓርላማ አዋጅ አስወጡና ወንዙ በሦስት በኩል በሚዞረው አይል ኦፍ ዶግስ በሚባል መሬት ላይ ትልልቅ የውሃ ገንዳ አስቆፍረው በ1802 ከፈቱት። ዶክ የሚሉት እሱን ነው፣ የወንዙ ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል መርከቡ እንዳይነካ በበር የሚዘጋ ገንዳና ዳሩ ላይ የተደረደረ መጋዘን። ከዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ለንደን የሚገባ ዕቃ ለ21 ዓመት እዛ ብቻ እንዲራገፍ ሞኖፖል ተሰጣቸው። ያ ስኳር በባርያ ጉልበት የተመረተ ስኳር ነው፣ የሚሊጋን ሐውልት ከመጋዘኑ ፊት ተነቅሎ የተወሰደውም ገና በሰኔ 2020 ነው። አንድ ነገር እዚህ ጋ ያዝልኝ፦ ግቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በረጅም ግንብ ከሰፈሩ ሰው ተለይቶ የታጠረ ነበር፣ ሀብቱ ከግንቡ ውስጥ፣ ጫኝና አውራጁ ከግንቡ ውጭ። ይሄ ወደቡ ሲዘጋም ፎቁ ሲሠራም ብዙ አልተቀየረም፣ ዋናው ትምህርት ያለውም እዛ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሠራተኛውን ነገር ቪዲዮው አበላሽቶታል። ለንደን ወደብ ላይ ሰው ጠዋት በር ላይ ይሰበሰባል፣ አለቃው የፈለገውን ይጠራል፣ ያልተጠራው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ለሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ይጠራል። በ1889 የተነሳው ትልቁ አድማ የጠየቀው በሰዓት 6 ፔኒ ነበር፣ አገኙትም፣ የቀን ጥሪው ግን እስከ 1967 ድረስ አልቀረም። በ60ዎቹና በ70ዎቹ አድማ በዝቶ ነበር፣ እሱን አልክድም፣ ግን ሰው ሥራው ከእጁ እየወጣ መሆኑን ሲያይ ነው የታገለው። ወደቡን የገደለው ኮንቴነር ነው።

ይሄንን ረጋ ብለህ እየው፣ ምክንያቱም የአዳማም ጉዳይ ከዚህ ጋር ነው ሚገናኘው። ከኮንቴነር በፊት ዕቃ በጆንያ፣ በሳጥን፣ በበርሜል ነበር ሚመጣው፣ አንዱን መርከብ ለማራገፍ ብዙ ሰው ብዙ ቀን ይፈጅበታል፣ የወረደው ዕቃ ተለይቶ ሚቀመጥበት ባለ ብዙ ፎቅ መጋዘን እዛው ውሃው ዳር ያስፈልጋል፣ ሠራተኛውም አጠገቡ መኖር አለበት፣ ስለዚ ወደብ ማለት ከተማ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። በሚያዝያ 1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የትራንስፖርት ነጋዴ አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ኮንቴነር ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ጫነ፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሳጥኑ ፋብሪካ ውስጥ ይታሸጋል፣ ክሬን ያነሳዋል፣ መኪና ወይ ባቡር ላይ ያርፋል፣ ማንም ሳይከፍተው አገር አቋርጦ ይሄዳል። ለዚህ የሚፈልገው መጋዘን ሳይሆን ሰፊ ሜዳ፣ ጥልቅ ውሃና ያልተጨናነቀ መንገድ ነው፣ መርከቡም አደገና በድሮው ዶክ በር አልገባ አለ። የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ገንዘቡን ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባህሩ ወረድ ብሎ ወዳለው ቲልበሪ ወሰደ። ከዛ የከተማው ዶኮች ተራ በተራ ተዘጉ፣ ኢስት ኢንዲያ 1967፣ ሴንት ካትሪን 1968፣ ለንደን ዶክስ 1969፣ የኛው ዌስት ኢንዲያ 1980፣ ሮያል ዶክስ የሚባሉት 1981። የእንግሊዝ ንግድ አልቆመም፣ ቦታ ነው የቀየረው።

አሁን ወደ አዳማ ና። የድሮው ሀዲድ ግንባታ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ ናዝሬት ከተማ ሆና ያደገችውም በዚሁ ሀዲድ ምክንያት ነው፣ ፍራንኮ ሰፈር ስሙን ከየት እንዳመጣው አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ያኔ ዕቃ ከፉርጎ በሸክም ይወርዳል፣ ጣቢያው አጠገብ ይከማቻል፣ በጋሪ ወደ ገበያ ይሄዳል። ከዛ የጭነት መኪናው ሥራውን ወሰደ፣ በ2009 ሞጆ ደረቅ ወደብ ተከፈተና አብዛኛው ኮንቴነር እዛ መራገፍ ጀመረ፣ በጥቅምት 2016 ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ገባ። አዲሱ ሀዲድ 1.435 ሜትር ስፋት ያለው ነው፣ የድሮው 1 ሜትር፣ ስለዚ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ማለትም ሞጆ የኛ ቲልበሪ ነው። አንዳንድ ሰው ባቡሩ ተመልሶ ይመጣል እያለ ቦታው እንዲቆይ ይከራከራል፣ በዚህ በኩል እኔ ካንተ ጋር ነኝ፣ ጭነቱ አይመለስም፣ ቦታው ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል። ልዩነታችን እንዴት የሚለው ላይ ነው።

ለንደን ምን አደረጉ? በ1981 ማይክል ሄስልታይን ሚኒስትር እያለ የለንደን ዶክላንድስ ልማት ኮርፖሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ 22 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተሰጠው፣ የፕላን ፈቃድ ሥልጣንም ከተመረጡት የወረዳ ምክር ቤቶች ተወስዶ ለሱ ሆነ። በ1982 አይል ኦፍ ዶግስ ላይ ልዩ ቀጠና ታወጀ፣ እዛ የገነባ ለአስር ዓመት የንግድ ቤት ግብር አይከፍልም፣ የግንባታ ወጪውንም ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀንሳል፣ ፈቃድ ማግኘትም ቀላል ነው። ቪዲዮው «መንግሥት ለቀቀው» ያለው ይሄን መሆን አለበት፣ ግን ለቅቆ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፦ ኮርፖሬሽኑ በ1998 ሲዘጋ ከሕዝብ ካዝና 1.86 ቢሊየን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት ነበር፣ ያልተሰበሰበው ግብር ለብቻው ነው። መሬት አጸዱ፣ የፍሳሽ መስመር ቀበሩ፣ መንገድ ሠሩ፣ በ1987 ቀላል ባቡር ጀመሩ። ቀላል ባቡሩ በከፊል የሄደው በ1840 በተሠራና ተትቶ በነበረ የባቡር ድልድይ ላይ ነው፣ ይሄን አስታውስልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ኢንቨስተሩ ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው፣ በ1987 ገባ፣ ዋን ካናዳ ስኩዌር የሚባለውን 235 ሜትር ፎቅ በ1991 ጨረሰ፣ በግንቦት 1992 ከሰረ። ምክንያቱ ሁለት ነው፣ አንደኛ ኢኮኖሚው ወርዶ ቢሮ ሚከራይ ጠፋ፣ ሁለተኛ የገነባበት ቦታ ትራንስፖርት አልነበረውም፣ ያቺ ትንሽ ቀላል ባቡር ያን ሁሉ ሠራተኛ አትችልም፣ የምድር ባቡሩ ጁብሊ ላይን ካናሪ ዋርፍ የደረሰው ገና በ1999 ነው። ዶኩ ከተዘጋበት እዛ እስኪደርስ 19 ዓመት፣ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የገንዘብ ከተሞች በአንዱ፣ ያውም በ1986 የአክሲዮን ገበያው ደንብ ላልቶ ባንኮች ሰፊ ቢሮ እየፈለጉ በነበረበት ሰዓት። አሁንም ስጋቱ አላለቀም፣ ሰፈሩ በአብዛኛው ቢሮ ስለሆነ ከኮሮና በኋላ ሰው ከቤቱ መሥራት ሲለምድ ተጎዳ፣ ኤችኤስቢሲ በ2023 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዛ እንደሚያወጣ አሳውቋል።

የሰፈሩ ሰውስ? ይሄ ነው እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ። አባቱ ጫኝና አውራጅ የነበረ ልጅ በአዲሱ ባንክ ውስጥ ሥራ አላገኘም፣ ሥራው የሚፈልገው ሌላ ትምህርት ነበር፣ ማሠልጠኛው ዘግይቶ ትንሽ ሆኖ ነው የመጣው። ውሃው ዳር የተሠራው ቤት በሽያጭ ነበር፣ ዋጋው ከነሱ አቅም በላይ። በ1984 በጀልባ ተሰልፈው በቴምዝ ወንዝ እስከ ፓርላማው ድረስ ሄደው አቤት አሉ። የሮያል ዶክስ አካባቢ ነዋሪዎች በ1983 የራሳቸውን ፕላን ጽፈው አቅርበው ነበር፣ ቤት፣ ሥራ፣ የልጆች ማቆያ ያለበት፣ እዛ ቦታ ላይ የተሠራው ግን ኤርፖርት ነው። ቁጥሩን ስታይ ፕሮጀክቱ ተሳክቷል ሊባል ይችላል፣ ነዋሪው በእጥፍ ጨምሯል፣ ሥራው ከዛ በላይ፣ ግን ለማን ተሳካ ብለህ ስትጠይቅ መልሱ ይለያያል፣ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ ቁጥር ብቻ ማሳየት የለበትም።

ጠራርገን እናንሳ ስላልከው ደግሞ፣ እነሱም ሁሉን አልጠረጉም። ዌስት ኢንዲያ ላይ በሰሜኑ ዳር ከነበሩት ዘጠኝ መጋዘኖች አብዛኞቹን ያወደማቸው በ1940 የጀርመን ቦምብ ነው፣ የተረፉት ሁለቱ ዛሬም አሉ፣ በአንዱ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ የዶክላንድስ ሙዚየም አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ቅዳሜ እሁድ ሰው ሚሄደው ወደዛ ነው። ሊቨርፑል ያለው አልበርት ዶክ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመናል። ጄሲ ሃርትሊ የሠራው ነው፣ በ1846 ተከፈተ፣ እሳት እንዳይበላው እንጨት ሳይገባበት በጡብ፣ በብረትና በድንጋይ ብቻ። በ1972 ተዘግቶ ገንዳው በጭቃ ተሞላ፣ አፍርሱት ያለ ብዙ ነበር፣ በ1981 ግን የልማት ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ጭቃውን አወጣ፣ መጋዘኑን አደሰ፣ ከ1984 ጀምሮ በየክፍሉ ሱቅ፣ ሙዚየም፣ መኖሪያ ገባበት፣ በ1988 ቴት የሚባለው የሥዕል ማሳያ። አንድ ፎቅ ሳይጨምሩ ቦታው ሠራ። ከተማው በ2004 ወደቡን ዩኔስኮ አስመዘገበ፣ ከዛ እዛው ወንዝ ዳር ትልልቅ ግንባታ ፈቀደና በ2021 ከመዝገቡ ተሰረዘ፣ ቅርስ አንዴ ታድሶ አበቃ የሚባል ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ የሀምቡርግ ነው። 157 ሄክታር የድሮ ወደብ ነው፣ ሀፈን ሲቲ ይባላል፣ ከ2000 ጀምሮ በየተራ እየተሠራ ያለ። መሬቱን የያዘው የከተማው የራሱ ኩባንያ ነው፣ ለአንድ ሰው በጅምላ አልሰጠም፣ በየብሎኩ እየከፈለ ነው የሚያወጣው፣ ገዢው መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ ያቀርባል፣ ዲዛይንና ፈቃድ እስኪያልቅ ቦታው ይያዝለታል፣ ካልሠራ ቦታው ወደ ከተማው ይመለሳል። ቦታው ጎርፍ ስለሚያገኘው መሬቱን ከፍ አድርገው ነው የሚገነቡት። እነሱም ቢሆን ያለ ችግር አልሄዱም፣ አሮጌ መጋዘን ላይ የሠሩት ኤልብፊልሃርሞኒ የሙዚቃ አዳራሽ በ2017 ሲከፈት መጀመሪያ ከተማውን 77 ሚሊየን ዩሮ ያስወጣል የተባለው ወደ 789 ሚሊየን ደርሶ ነበር። ስለዚ አንድ የሚያምር ሕንጻ ከተማ ይቀይራል ሲሉህ ዋጋውን ጠይቅ።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ። የለንደኑ መንገድ ለአዳማ አይሆንም፣ በግልጽ ነው ምልህ። አዳማ ውስጥ 50 ፎቅ ሚሞላ ባንክ የለም፣ ያለው ፍላጎት መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ ስብሰባና ሆቴል፣ የከተማ ትራንስፖርት፣ ሰው አረፍ ሚልበት ቦታ ነው። የሀምቡርጉ ግን ይሆናል፣ ምክንያቱም መሬት መግዛት አይጠበቅብንም፣ ባገራችን የከተማ ቦታ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በ721/2004 የሊዝ አዋጅም በሊዝ ነው የሚተላለፈው፣ እነሱ የያዙትን ቁልፍ እኛም በእጃችን ይዘነዋል። በአንድ ፊርማ ለአንድ ሰው ከሰጠነው ግን ቁልፉን አስረክበናል፣ ያ ሰው ቢከስር ወይ አጥሮ ቢያስቀምጠው ለብዙ ዓመት በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ይዘን እንቀራለን፣ እንዲህ ያለ አጥር በየከተማው አይተናል። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ኢግል ሂልስ ከሚባል የሪል እስቴት ኩባንያ ጋር በ2018 ይፋ የሆነው 36 ሄክታር ፕሮጀክት አለ፣ እሱን እያዩ አዳማም እንደዛ ይሁን የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ግን የዋና ከተማ መሀል የመሬት ፍላጎትና የአዳማ አንድ አይደለም።

ጥንቃቄ ሚፈልጉ ነገሮች አሉ። አንዱ ጎርፍ ነው፣ አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃው ወደ መሀል ነው ሚወርደው፣ ባዶ አፈር ሆኖ ውሃ ሲመጥ የነበረን ግቢ በኮንክሪትና በአስፋልት ስትሸፍነው ያ ውሃ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል። ድሬኔጁ ከሕንጻው በፊት መሠራት አለበት፣ ሕንጻው ካለቀ በኋላ ቦይ እንቆፍራለን የሚል ፕላን ካየህ እሱ ፕላን አይደለም። ሌላው አፈሩ ነው፣ ባቡር ሲሠራበት የኖረ ግቢ ናፍጣና ዘይት ፈሶበታል፣ መኖሪያ ቤትና የልጆች መጫወቻ ከመሠራቱ በፊት አፈሩ ላብራቶሪ ይግባ። እና ሰዎቹ፣ ግቢው ባዶ ነው ብትልም ዙሪያው ባዶ አይደለም፣ ሻይ ምትሸጠው፣ ጎሚስታው፣ ባጃጅ ተራው፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖሩት የድሮ ባቡር ሠራተኞችና ልጆቻቸው አሉ። የካሳ አዋጁ፣ 1161/2011፣ መብታቸውን ይጠብቃል፣ ግን ወረቀት የሌለው ነጋዴ ካሳ ላይ ተሰልፎ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው ሚመለሰው፣ ስለዚ ገና ፕላኑ ሲሠራ ስማቸው ይመዝገብ፣ ምድር ላይ ያለው ሱቅም መጀመሪያ ለነሱ በሚችሉት ኪራይ ይሰጥ።

የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ጠራርጎ ማንሳትም ለአንድ ኢንቨስተር መስጠትም አይሁን። ከተማው መሬቱን ይዞ የሚያስተዳድር ትንሽ ጽሕፈት ቤት ያቋቁም፣ ቦታውን በብሎክ ከፋፍሎ በየተራ በሊዝ ያውጣ፣ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ውሉ ላይ ያስገባ፣ ያልሠራ ይመልስ። የመጀመሪያው ገንዘብ ድሬኔጅ፣ ዛፍና አደባባይ ላይ ይዋል፣ እሱ ሲሠራ የቀሪው ብሎክ ዋጋ በራሱ ይጨምራል። ከጣቢያው ሕንጻዎች ጤነኛ የሆኑት ይታደሱ፣ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ገበያ ይግባባቸው፣ ድሬዳዋ ያለውን የድሮ የባቡር ጋራዥ ሰው እየሄደ ይጎበኘው የለ እንዴ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሀዲዱ የሄደበት መስመር እንዳይቆራረጥ። ባቡር ዳገት ስለማይችል መስመሩ ለጥ ያለ ነው፣ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ለእግረኛና ለሳይክል፣ ሲቻልም ለአውቶቡስ ብቻ ቢሆን ሌላ ቦታ ቤት አፍርሰህ እንኳን የማታገኘው መንገድ ነው፣ ለንደን በ1840ው ድልድይ ላይ ባቡር ማስኬድ የቻለው ድልድዩን ሳያፈርስ ስላቆየው ነው። መስመሩ ላይ አንድ ፎቅ ብቻ ከተተከለ ግን ዕድሉ አለቀ።

አንተ አሁን ማድረግ የምትችለው ነገር አለ። ከተማው ስለ ጣቢያው ሕዝባዊ ውይይት ሲጠራ ሂድና ሁለት ወረቀት ጠይቅ፣ አንዱ የይዞታ ማረጋገጫው ነው፣ ግቢውና የሀዲዱ መስመር በማን ስም እንዳለ፣ የባቡሩ ድርጅት ነው ወይስ የከተማው፣ ምክንያቱም ይሄ ሳይጠራ የተሰጠ ቦታ ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው፣ ሁለተኛው የጎርፍ ማስወገጃ ፕላኑ ነው። ሁለቱ ወረቀት ሳይቀርብ የሕንጻ ሥዕል ብቻ ካሳዩህ እጅህን ለድጋፍ አታውጣ፣ ተቃውሞህም ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍ አድርግ።